የኩንታሉ ክብደትና የብሽሽቱ ቀዳዳ

አቃቂ ቃሊቲ ሸክም የሚራገፍበት ምድር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ሲደርስ አዲስ አበባ ለመግባት ገና 2 ዓመት ይቀረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ባቡሩም መንገዱም ተለዋውጧል፤ ሥራው ግን ያው ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይነሳል። ከወደብ የመጣው ዕቃ ቃሊቲ ላይ ይፈተሻል፣ ይራገፋል፣ ይከማቻል። መጋዘኑ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካው በአካባቢው ተሰባጥሯል፤ በኮዬ ፈጬ የተደረደረው ኮንዶሚኒየም ደግሞ ለዓመታት ሲሚንቶና አሸዋ ሲበላ የኖረ ነው። ማንሻ ማሽን ያላቸው ግቢዎች አሉ። ከመኪናው ጀርባ እስከ መጋዘኑ ውስጥ ያለችውን የመጨረሻ 20 እርምጃ ግን በብዙ ቦታ የሚሸፍነው ጫኝና አውራጅ የምንለው ሰው ነው። ሁለት ባልደረቦቹ ጆንያውን ከፍ አድርገው ጫንቃው ላይ ያኖሩለታል፤ ትንፋሹን ቋጥሮ፣ ሆዱን አጠንክሮ ይነሳል። ትንፋሽ የተቋጠረችባት ያች ቅጽበት የሆድን ግድግዳ ትፈትናለች። ግድግዳው ከተሸነፈ ብሽሽት ላይ እንቁላል የምታህል እብጠት ብቅ ትላለች፤ ሲጋደም ትገባለች፣ ሲያስል ትወጣለች። ቡአ ይሉታል።

ስለ ቡአ የተጻፈው ብዙ ነው፤ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ የብሽሽት ቡአ ይጠገናል፣ በዚያ ልክም ጥናቱ ተከምሯል። የተከመረው ጥናት ግን በአብዛኛው የተሠራው ሆስፒታል በቅርብ ባለበት፣ ሥራ ያቋረጠ ሰው ደሞዝ በሚከፈልበት አገር ነው። ጥያቄው ወደ አቃቂ ሲመጣ መልሱም አብሮ ይለወጣል። ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር ሰው በሚበዛበት፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚወስደው መንገድም የገንዘብ፣ የወረፋና የትራፊክ መንገድ በሆነበት አካባቢ፣ ቡአን በቀጠሮ መጠገን ትርፍ ጊዜ ሲገኝ የሚሠራ ቀላል ነገር ሊባል አይገባውም። አስቀድሞ የተሠራ የድንገተኛ ሕክምና ነው፤ መቆጠርም ያለበት እንደዚያው ነው። ይህን የምለው ከግድግዳው አሠራር፣ ከተሞከሩ ጥናቶችና ከዚያው አካባቢ የሥራ ጠባይ ተነስቼ ነው። የሚቃወሙት ሐሳቦች ቀላል ስላልሆኑ በየተራ አነሳቸዋለሁ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ስሙ ራሱ ነው። ሕዝቡ ቡአ ሲል አንድ በሽታ ማለቱ አይደለም። አንጀት ወደ ቆለጥ ከረጢት የወረደበትም ቡአ ነው፤ በቆለጥ ዙሪያ ውሃ የቋጠረበትም ቡአ ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፣ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። ውሃው ቀስ እያለ ያድጋል፣ ያስቸግራል፣ እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላማ ቦታዎችም በትንኝ የሚተላለፍ ትል ያመጣዋል፤ አንጀት ስለሌለበት ግን አንጀት አያንቅም። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ሰፈር ጎረቤቱ የውሃውን እብጠት ይዞ 20 ዓመት መኖሩን እያየ፣ እኔም እኖራለሁ ብሎ አንጀቱን ከረጢት ውስጥ አስቀምጦ ሊጠብቅ ይችላል። በዚያ ላይ ቦታው የሐፍረት ቦታ ነው። ስለ ወገብ ሕመም በግልጽ የሚያወራ ሠራተኛ ስለ ብሽሽቱ ለሚስቱም አይናገርም። ሆድ ይፍጀው የሚለው አነጋገራችን ለምሥጢር የተባለ ቢሆንም በዚህ በሽታ ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል፤ ሆድ በእርግጥ ይፈጀዋል። ስለዚህ በአማርኛ ስለ ቡአ የሚጽፍም ሆነ የሚያስተምር ሰው በመጀመሪያ የአንጀቱን ቡአ ከውሃው ቡአ መለየት አለበት። ተኝቶ ሲጫኑት ወደ ሆድ የሚመለስ፣ ሲያስሉ እጅን የሚገፋ ከሆነ የአንጀት መውጫ አለ ማለት ነው። አልመለስ ያለው ሁሉ ግን ውሃ ነው ማለት አይደለም፤ እሱን የሚለየው የሐኪም እጅ ነው።

ግድግዳውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዓል ደርሶ በግ ሲታረድ፣ ሆዱ ሲከፈት ቆሞ ያየ ሰው የትምህርቱን ግማሽ ጨርሷል። ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ ስስ ሥጋ አለ፤ ከሥጋው ሥር ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን አለ፤ እሱ ሲቀደድ ደግሞ ሞራው እንደ ጥልፍ ሻሽ አንጀቱን ሸፍኖ ይታያል። ሞራ ገላጮች ዕጣ ፈንታ የሚያነቡበት ያው ሞራ በሰው ሆድ ውስጥም አለ፣ ሥራም አለው፤ የቆሰለና የተቆጣ ቦታ ሲኖር ሄዶ ይለጠፍበታል፣ ቀዳዳ ሲያገኝም ብዙ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚሾልከው እሱ ነው። ጉበት ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር፣ ጣፊያ ከግራ፣ ቆሽትና ኩላሊት ከጀርባ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ስለተቀመጡ ከቦታቸው አይርቁም። ትንሹ አንጀት ግን 6 ሜትር ያህል ርዝመት ይዞ እንደ ማራገቢያ በተዘረጋ ሽፋን ላይ ተንጠልጥሏል። ደሙ የሚመጣለት በዚያ ሽፋን ውስጥ ባሉት ሥሮች ብቻ ነው። በነጻነት ስለሚንቀሳቀስ ምግብ መግፋት ይችላል፤ በዚያው ነጻነቱ የትም ቀዳዳ ይገባል። ከቡአ ከረጢት ውስጥ አንጀትና ሞራ እንጂ ኩላሊት የማናገኘው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የሚይዘው ግድግዳ በፊት ለፊቱ አጥንት የለውም። መሐሉን ከደረት እስከ ብልት አጥንት ሁለት ቀጥ ያሉ ጡንቻዎች ይይዙታል፤ በመካከላቸው ከጅማት የተሠራ ነጭ መስመር ይወርዳል። ጎንና ጎኑን ሦስት ሰፋፊ ጡንቻዎች ተደራርበው ይሸፍኑታል፤ የውጪው ወደ ታች ሰያፍ፣ የመካከሉ ወደ ላይ ሰያፍ፣ የውስጡ አግድም ይሄዳሉ። አናጺ ኮምፔንሳቶ ለምን ከሙሉ ሳንቃ ይልቅ እንደማይሰነጠቅ ያውቃል፤ የአንዱ ንጣፍ ጭረት ከሌላው ጋር ስለሚሻገር ነው። የሆድ ጎን ግድግዳ ያው ኮምፔንሳቶ ነው። ንጣፎቹ የሚሳሱበት ወይም አንድ ነገር ለማሳለፍ የተበሱበት ቦታ ደካማ ነው፦ እምብርት፣ ነጩ መስመርና ከሁሉም በላይ ብሽሽት። በጉ በ4 እግሩ ስለሚቆም የሆዱ ክብደት መሐል ግድግዳው ላይ ያርፋል። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ያ ክብደት ሁሉ ወደ ታች፣ ወደ ብሽሽት ይወርዳል።

ብሽሽት የተበሳበት ምክንያት አለው። የወንድ ልጅ ቆለጥ የሚፈጠረው ከኩላሊቱ አጠገብ ከሆዱ ጀርባ ነው። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ግድግዳውን አቋርጦ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል፤ ሲወርድም የሆዱን ስስ ሽፋን እንደ ጣት ጓንት ጎትቶ ይዞት ይሄዳል። ያ ጓንት ከልደት በፊትም ሆነ ከልደት በኋላ ባሉት ወራት መዘጋት አለበት። በብዙዎች ይዘጋል፤ በአንዳንዶች ክፍት ይቀራል። የቀኙ ቆለጥ ከግራው ዘግይቶ ስለሚወርድ ቡአም በቀኝ በኩል ይበዛል። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ላይ የሚበዛውም መንገዱ ሳይዘጋ ስለወጡ ነው። በአዋቂ ሰው ይህ መተላለፊያ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የውስጡና የውጪው ደጃፍ ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ሰያፍ ነው። ሰው ሲያምጥ ጡንቻዎቹ ተጨብጠው መንገዱን እንደ መዝጊያ ይደፍኑታል፤ ብልህ አሠራር ነው። ከዚህ ሌላ ከመተላለፊያው ጎን፣ ጡንቻ በማይሸፍነው ባለሦስት ማዕዘን ቦታ፣ ግድግዳው ራሱ በዕድሜና በሳል ሳስቶ ወደ ፊት የሚገፋበት ዓይነት አለ። ከብሽሽቱ ጅማት በታች፣ የጭኑ የደም ሥሮች በሚያልፉበት ጠባብ ቀዳዳ የሚወጣው የጭን ቡአ ደግሞ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ይበዛል። ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ያንቃል።

እንግዲህ ሸክም ቡአ ያመጣል ወይስ አያመጣም? ይህ የቃላት ክርክር አይደለም፤ ካሳ የሚገባው ማን እንደሆነ የሚወስን ጥያቄ ነው። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ተከራክረውበታል። መረጃው ለሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ይሰጣል። ቡአ በቤተሰብ ይሄዳል፣ ከወንዶች ሩቡን ያህል በሕይወት ዘመናቸው ይይዛቸዋል፣ ዕቃ አንስተው የማያውቁ ጸሐፊዎችም ይይዛቸዋል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2012 ከዴንማርክ የወጣ፣ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ወንዶችን መዝገብ የመረመረ ጥናት በቀን ብዙ ኪሎ ማንሳትና ረጅም ሰዓት ቆሞ መዋል በመተላለፊያው በኩል ከሚወጣው ቡአ ጋር መያያዙን አሳይቷል፤ በሣሣው ግድግዳ በኩል ከሚወጣው ጋር ግን አልተያያዘም። ይህ ልዩነት ለእኔ ብዙ ይናገራል። ክፍት የቀረ በር ያለው ሰው በሩን ይዞ ተወልዷል፤ በሩን ገፍቶ የሚከፍተው ግን የዕለት ጫናው ነው። አሠሪ ተፈጥሮህ ነው ብሎ ማሰናበት አይችልም፤ ሠራተኛውም ሁሉንም በአንድ ጆንያ ማላከክ አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣን ጉዳት ያውቃል። ነገር ግን በቁራጭ ሒሳብ፣ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው የሚያወርድ ሰው አሠሪዬ ይህ ነው ብሎ ለማሳየት ይቸገራል። ስለዚህ ለእሱ የሚቀረው መፍትሔ ሕክምናው ነው።

ሕክምናው ለምን ይቸኩላል? ቡአ ለዓመታት ሲወጣና ሲገባ ይኖርና አንድ ቀን የወጣው አንጀት አልመለስም ይላል። የቀዳዳው አንገት ይጨብጠዋል፤ በመጀመሪያ ደም መላሹ ሥር ይዘጋል፣ አንጀቱ ያብጣል፣ ባበጠ ቁጥር አንገቱ ይበልጥ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ ደም አምጪውም ይቆማል። ከዚያ በኋላ አንጀቱ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። እብጠቱ ይደነድናል፣ ያማል፣ ሰውየው ያስመልሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ አየር እንኳ አይወጣም። በአገራችን የአንጀት መዘጋት ሲባል ሐኪም ቶሎ የሚያስበው የአንጀት መጠማዘዝን ነው፤ በእርግጥም በኢትዮጵያ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው። ነገር ግን ሆዱ የተነፋ ሰው ሱሪው ወርዶ ብሽሽቱ ካልታየ ምርመራው አልተሟላም፤ በተለይ ሴቶች ላይ ትንሿ የጭን ቡአ ሳትታይ ታልፋለች። የዘገየው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በጥሩ መዝገብ የተለካው በስዊድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ከ100 ሺህ በላይ የብሽሽት ቡአ ጥገናዎችን የተከታተለ ጥናት፣ በቀጠሮ የተሠራላቸው ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከጠቅላላው ሕዝብ እንደማይበልጥ አሳየ። በድንገተኛ የተሠራላቸው ግን 7 እጥፍ፣ አንጀት ተቆርጦ የወጣላቸው ደግሞ 20 እጥፍ ያህል ሞት ገጠማቸው። አንድ ዓይነት በሽታ፣ አንድ ዓይነት አገር፣ የሰለጠኑ እጆች፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። ሰዓቱ በስዊድን ይህን ያህል ከገደለ የደም ባንክ፣ የማደንዘዣ ባለሙያና የጽኑ ሕሙማን አልጋ በሚያጥርበት ቦታ ይቀንሳል ብሎ የሚያስብ የለም።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ ሙከራ ቡአ ኖሮባቸው እምብዛም የማያማቸውን 720 ወንዶች በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ግማሹ ወዲያው ተሠራለት፣ ግማሹ በክትትል ጠበቀ። ከጠባቂዎቹ አንጀቱ በድንገት የተያዘበት በ1,000 ሰው በዓመት 2 እንኳ አልሞላም። ታዲያ ለምን ይቸኮላል? ጥናቱ ትክክለኛ ነው፤ አልክደውም፤ አንድን ሰው ዛሬ ካልተሠራህ ትሞታለህ ብሎ ማስፈራራትም ሐሰት ነው። ግን ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ እነዚያን ሰዎች ለ10 ዓመት ያህል የተከተለው ቀጣይ ጥናት ሲወጣ ከጠባቂዎቹ 68 በመቶ ያህሉ ወደ ቀዶ ሕክምና መሻገራቸው ታወቀ፤ ያሻገራቸው በዋናነት ሕመሙ ነበር። መጠበቅ ማለት ብዙ ጊዜ ማዘግየት ነው። ሁለተኛውና ለእኛ የሚያመዝነው፣ ጠብቅ የሚለው ምክር ሲታነቅ ቶሎ ና የሚል ሁለተኛ ቃል አለው። ያ ቃል የሚፈጸመው መኪና ባለው፣ ምልክቱን በሚያውቅ፣ ሌሊትም ቀዶ ሕክምና ክፍሉ በሚከፈትለት ሰው ላይ ነው። በእነዚያ 720 ወንዶች መካከል ኩንታል የሚሸከም ስንት ነበር ብሎ መጠየቅም ይገባል፤ የማያመው ቡአ ላይ የተሠራ ጥናት በየቀኑ ሥራው ለሚያሳምመው ሰው አይናገርም። ለአቃቂው ጫኝና አውራጅ መጠበቅ ማለት ቡአውን ይዞ ነገም መሸከም ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሰው ኃይል ነው። ቀዶ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ያለው እጅ ለምጥ፣ ለመኪና አደጋ፣ ለተበሳ ሆድ ይሂድ ይባላል። ዓለም አቀፉ ስሌትም ወደዚህ ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የላንሴት የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን የአንድን ሆስፒታል አቅም የሚለካባቸው ሦስት ሥራዎች በቀዶ ማዋለድ፣ ሆድ ከፍቶ ማከምና ክፍት ስብራት ማከም ናቸው፤ በቀጠሮ የተጠገነ ቡአ በመለኪያው ውስጥ የለም። መለኪያው ለተነሳበት ዓላማ ጥሩ ነው፤ ያልተቆጠረ ነገር ግን በጀትም ወረፋም ያጣል። ለመሆኑ የቡአ ጥገና የቀዶ ሐኪምን እጅ ይሻማል? ኢትዮጵያ ከ2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እያስተማረች ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ልካለች። እነዚህን ባለሙያዎች የሚጠራጠር ሰው ከሴራሊዮን የመጣውን ሙከራ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው በዚያ ሙከራ በሐኪሞች ከተጠገኑት ውስጥ ወደ 7 በመቶ ያህሉ ቡአው በአንድ ዓመት ሲመለስባቸው፣ ሐኪም ያልሆኑ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ከጠገኗቸው ግን 1 በመቶ እንኳ አልሞላም። በጋናም ከዚያ 2 ዓመት ቀድሞ በታተመ ጥናት ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሐኪሞች የሠሩት ከቀዶ ሐኪሞቹ ሥራ አላነሰም። ከዚህም በላይ የብሽሽት ቡአ በአካባቢያዊ ማደንዘዣ፣ ሰውየው ነቅቶ እያወራ፣ ሊጠገን ይችላል፤ የማደንዘዣ ባለሙያ እጥረትም ቢያንስ በዚህ ሥራ ላይ መሰናክል አይሆንም። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ባገኘችው ድርብ ወርቅ የተሰየመው፣ በቻይና ዕርዳታ የተሠራው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። የፋብሪካና የመጋዘን ሠራተኛ በዙሪያው በሰፈረበት እንዲህ ባለ ሆስፒታል በሳምንት አንድ ቀን ለቡአ ብቻ ቢለይ የሚፈልገው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሰለጠነ እጅና ሊዶካይን የሚባለው ማደንዘዣ ነው። ሌሊት ታንቆበት የመጣ አንድ ሰው ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል፤ ሰዓታት የሚፈጅ ሆድ ከፈታ፣ ደም፣ የቀናት አልጋ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ዋጋ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ኤዶዋርዶ ባሲኒ እ.ኤ.አ. በ1884 ፓዱዋ ላይ የዘመናዊውን ጥገና መሠረት ሲጥል ያደረገው ጡንቻውን ከጅማቱ ጋር መስፋት ነበር፤ ሰፍቶ መያዙ ይሠራል፣ ግን ተወጥሮ የተሰፋ ነገር ሲያም ይከርማል፣ ሲላላም ይፈታል። ሌላው ቀዶ ሐኪም ሊክተንስታይን በ20ኛው መቶ ዘመን ማገባደጃ ያስፋፋው ዘዴ ደግሞ ሳይወጥሩ በላዩ መረብ ማንጠፍ ነው፤ የሰውነት ጠባሳ በመረቡ ዓይኖች ውስጥ ያድግና እንደ አርማታ ብረት ያስረዋል። መረቡ ግን ውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የዩጋንዳ ሙከራ ለዚህ መልስ አመጣ፤ 302 ወንዶች ግማሾቹ በፋብሪካው የሕክምና መረብ፣ ግማሾቹ ፀረ ተባይ ባልተነከረና በእንፋሎት በጸዳ የአጎበር ጨርቅ ተጠገኑ። ከዓመት በኋላ በአጎበሩ ወገን ቡአው የተመለሰበት 1 ሰው ብቻ ነበር፣ በሌላው አንድም የለም፤ ሌላውም ችግር ተቀራራቢ ነበር። የመረቦቹ ዋጋ ግን 125 ዶላርና 1 ዶላር ነበር። ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ በየቤቱ አልጋ ላይ የተሰቀለውን መድኃኒት የተነከረ አጎበር ማንም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይውሰድ ማለቴ አይደለም። የጨርቁ ዓይነት ተለይቶ፣ ጸድቶና በተቆጣጣሪ ተፈትሾ ሲገኝ ብቻ ነው። መረብ ለሌለበት ቦታም መፍትሔ አይጠፋም፤ በካናዳ ቀዶ ሐኪሙ ሾልዳይስ ያዳበረው የድርብርብ ስፌት በሠለጠነ እጅ ያለ መረብ ይይዛል። ወጪው ብቻውን ተነጥሎ ሲታይ ይከብዳል፤ በጋና ግን አንድ ቡአ ሲጠገን የሚተርፈው ጤናማ የሕይወት ዓመት ተሰልቶ፣ ለአንዱ ዓመት የወጣው 13 ዶላር ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ከክትባት ጋር ሊወዳደር የሚችል ነው።

ሠራተኛው ራሱ የሚያነሳው ተቃውሞ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል፦ ከተሠራሁ በኋላ ማን ያበላኛል? ለ6 ወር አታንሳ የሚል ምክር ከሰማ አይመጣም፤ መምጣት ነበረበት ብሎ መውቀስም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ሰውየው ሕመሙ እንደፈቀደለት ያለ ገደብ ወደ እንቅስቃሴው እንዲመለስ ይመክራል፤ ስለዚህ የወራት እገዳ ማስረጃ የለውም። ያም ሆኖ መመሪያውን የጻፉት ሰዎች የ100 ኪሎ ጆንያ በዓይነ ኅሊናቸው የነበረ አይመስለኝም። ለሸክም ሠራተኛ የጥቂት ሳምንታት ዕረፍትና ቀለል ካለ ዕቃ ጀምሮ መመለስ አስተዋይነት ነው። በዚያ ጊዜ የጫኝና አውራጅ ማኅበራት ለታመመ አባል ከሚያዋጡት ላይ ለቡአ ጥገና ዕረፍት ቢመድቡ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅኑ የሐኪም ቤቱን ይሸፍናል፣ ማኅበሩ የቤቱን። እውነቱ ሁሉ ይነገር ከተባለ ደግሞ፣ ከተሠራላቸው ከ10 እስከ 12 በመቶ የሚሆኑት ወራት ያለፈው ሕመም ይቀርባቸዋል፤ ይህን ደብቆ ማሠራት ነገ ሌሎቹን ያርቃል። ለዚህም ነው ምንም የማያመውና ሸክም የማይሸከም ሽማግሌ ተመርምሮ መጠበቅ የሚችለው። የእኔ ክርክር ለሁሉም ቡአ አይደለም፤ እያመመው ለሚሸከመው፣ ከሆስፒታል ርቆ ለሚኖረው፣ የጭን ቡአ ለተገኘባት ሴት ሁሉና ለሕፃን ነው። የሕፃን የብሽሽት ቡአ አይጠበቅም። የሕፃን የእምብርት ቡአ ግን አብዛኛው እስከ 4 እና 5 ዓመቱ ራሱ ስለሚዘጋ ይጠበቃል፤ ሳንቲም ማሰር ቆዳውን ከማቁሰል በቀር አይዘጋውም።

ስለ ሴቶች በአጭሩ ልጨምር፤ አጭር የሆነው ጉዳዩ ቀላል ስለሆነ ሳይሆን መርሁ አንድ ስለሆነ ነው። በግንባታ ቦታ ባሬላ የምታነሳ፣ ጀሪካን ይዛ ደረጃ የምትወጣ ሴትም ያንኑ ግድግዳ ትወጥራለች። የአንዳንዷ ሴት ቡአ ግን የሚመጣው በቀዶ ጥገና ጠባሳ በኩል ነው። መሐል ለመሐል ከተከፈተ ሆድ ከ10 እስከ 20 በመቶው በስፌቱ በኩል ይላላል። በኔዘርላንድስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሙከራ ስፌቱን አጠጋግቶ፣ ትንሽ ትንሽ እየያዙ መስፋት ይህን ቡአ በዓመቱ ከ21 ወደ 13 በመቶ እንደሚያወርደው አሳይቷል። አዲስ መሣሪያ አላስፈለገም፤ ጥቂት ደቂቃና ትዕግሥት ብቻ።

የቀረው ራሱ ሸክሙ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ በጉልበቱ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ይመጣል፤ ማንም ለሠራተኛ ብሎ ባያደርገውም ከገደቡ በታች ነው። እህሉ ግን ዛሬም በኩንታል፣ ማለትም በ100 ኪሎ ይታሰራል፤ መለኪያው ራሱ የገደቡን እጥፍ ሊሆን ይቃረባል። ነጋዴው ኩንታል ብሎ መሸጡን መተው አይጠበቅበትም፤ አንዱን ኩንታል በሁለት ጆንያ ቢያስረው ዋጋው አይለወጥም፣ የሚጨምረው የጆንያ ወጪና የአውራጅ ምልልስ ነው። ምልልሱ በጆንያ ሳይሆን በኪሎ ከተከፈለ ደግሞ ሠራተኛው አይጎዳም። ይህን ለማድረግ ሆስፒታል አያስፈልግም፣ መረብ አያስፈልግም፣ ማደንዘዣም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የመጋዘን ባለቤቶችና የጫኝና አውራጅ ማኅበራቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ጆንያው መጠን መነጋገራቸው ነው።